ጓደኛዬ ጋ መሄድ አቃተኝ፤ የሷ ሐዘን እኔን ያመኛል

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለትዳር ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ሴት ልጅ አለችኝ። አብሮ አደግ ጓደኛ አለችኝ፤ ቤቷ መጋላ ነው። ከሁለት ወር በፊት ስምንት ወር የተሸከመችው ልጅ ሞቶ ተወለደባት። የመጀመሪያዋ ነበር። በማግስቱ ሄድኩ። ገና ሳያት አንጀቴ ተላወሰ፤ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ከሷ በላይ አለቀስኩ። «አቦ በቃ፣ ተይ አታልቅሺ» እያለች ውሃ ያስመጣችልኝ እሷ ነች። ሁለተኛም ሄጄ ያው ሆነ። ከዚያ ቀረሁ። ባለፈው ሳምንት እንደምንም ባጃጅ ተሳፈርኩ። የደቻቱን ወንዝ እንደተሻገርን «እዚህ ጋ አውርደኝ» አልኩና በእግሬ ተመለስኩ። ማታ ማታ እየተነሳሁ ልጄ መተንፈሷን አያለሁ። ጓደኞቻችን «ጨካኝ ነሽ፣ በክፉ ቀን ጠፋሽ» ይሉኛል። ጨካኝ ብሆን እንዲህ ያመኛል? ወይስ በሽተኛ ነኝ? ሐሙስ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ሁሌ ሐሙስ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ሁሌ ይመሽብኛል።»

እህቴ፣ ዲሬ ላይ ታላቅ ታናሽ ሳንል «አንቺ» ነው የምንባባለው፤ እኔም እንደዚያው ላውራሽ።

ጨካኝ አይደለሽም። ጨካኝ ሰው በሰው ሐዘን እንቅልፍ አያጣም። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የተባለው ላንቺ ዓይነት ሰው አይደለም። ጓደኞችሽም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ያቺ ልጅ ሁለት ወር ያላንቺ ነው የከረመችው። በጣም ስላዘንሽላት ነው የቀረሽባት። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሳይገባሽ «በርቺ፣ ሂጂ» ብልሽ ሐሙስም ባጃጁን ታስቆሚዋለሽ። ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

«አንጀቴ ተላወሰ» ብለሻል። ይህችን ቃል ሳነብ ቆም አልኩ። አማርኛችን የሰውን ሕመም የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። አንጀቴን በላችው እንላለን። ሆዴ ባባ እንላለን። ለሰው ቶሎ የሚያዝነውን ሆደ ቡቡ እንለዋለን። ይህ እንዲሁ የአነጋገር ወግ ብቻ እንዳይመስልሽ።

አንጎላችን ውስጥ ኢንሱላ የሚባል ቦታ አለ። ቃሉ በላቲን ደሴት ማለት ነው። ከጆሮ በላይ፣ ከአንጎል እጥፋት ሥር ተሸሽጎ ይገኛል። ከሥራዎቹ አንዱ የራስን ሰውነት ከውስጥ ማዳመጥ ነው። ልብ ሲመታ፣ ሆድ ሲላወስ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወሬው እሱ ጋ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ታንያ ዚንገር የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ለንደን ውስጥ የሠራችውን ሙከራ አሳተመች። 16 ጥንዶች ተጠሩ። ሴቶቹ የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ተኙ፤ ፍቅረኞቻቸው አጠገባቸው ተቀመጡ። የሁለቱም እጅ ላይ በኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር ታሰረ። አንዳንዴ እሷን ይነዝራታል፤ አንዳንዴ እሱን። የማን ተራ እንደሆነ በቀለም ምልክት ታያለች። እሷ ስትነዘር ኢንሱላዋ ሠራ፤ አንቴሪየር ሲንጉሌት የሚባለውም ክፍል አብሮ ሠራ። እሱ ሲነዘርስ? እሷን ምንም አልነካትም። ግን እነዚያው ሁለት ቦታዎች ሠሩ።

አንድ ክፍል ግን ዝም አለ። የቱ ጋ፣ ምን ያህል እንደቆጠቆጠ የሚለየው ክፍል የሠራው እሷ ራሷ ስትነዘር ብቻ ነው። የሕመሙን ምሬት ተጋራች እንጂ ሕመሙ ራሱ እሷ ጋ አልደረሰም።

ይህን ልብ በይልኝ። ጓደኛሽ ፊት ቁጭ ስትዪ የሚያምሽ እውነተኛ ሕመም ነው፤ የማስመሰል አይደለም። ግን የሷ ሕመም አይደለም። አንጎልሽ ካንቺው ጓዳ ባገኘው እህል የጋገረው ነው።

ምናልባት «የመስታወት ነርቮች» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ጃኮሞ ሪዞላቲና ባልደረቦቹ ጣሊያን ፓርማ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጦጣ አንጎል ያገኟቸው ናቸው። ጦጣዋ ምግብ ስታነሳ የሚሠራው ነርቭ ሌላ ሲያነሳ እያየችም ይሠራል። ድንቅ ግኝት ነው። «የሰው ስሜት የሚገባን በነሱ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ግን ትክክል አይመስለኝም። የሰው እጅ ምን ሊያነሳ እንደተዘረጋ ማወቅ ሌላ፣ የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ማወቅ ሌላ።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። አራስ እያለች ሌላ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምታ አብራ አላለቀሰችም? አራስ ልጆች እንዲህ ናቸው። የሌላ አራስ ልጅ ለቅሶ ሲሰሙ ያለቅሳሉ፤ ማን እንደከፋው እንኳ አይለዩም። ትንሽ ከፍ ሲሉ ሌላ ነገር ይመጣል። ማርቲን ሆፍማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር የጻፈው አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። አንድ ሕፃን ጓደኛው ሲያለቅስ ያየዋል። ያዝንለታል። ሊያባብለው ይፈልግና እናት ጎትቶ ያመጣለታል። የማንን እናት? የራሱን። የሚያለቅሰው ልጅ እናት እዚያው አጠገባቸው እያለች።

ልጁ ክፋት የለበትም። እሱን የሚያባብለው የሱ እናት ስለሆነች ሌላውንም እሷ የምታባብል መሰለው። እኛ ትልልቆቹም በየለቅሶ ቤቱ ይህንኑ እናደርጋለን። አንቺም እህቴ፣ ጓደኛሽ ቤት የገባሽው ልጅሽን ይዘሽ ነው። በክንድሽ ሳይሆን በሐሳብሽ። ጓደኛሽን እያየሽ የምትቀብሪው የራስሽን ልጅ ነው። ማታ ተነስተሽ ትንፋሿን የምታዳምጪው ለዚህ ነው።

«ራስሽን በሷ ቦታ አስቀምጪ» የሚባል ምክር አለ። እኔም ብዙ ጊዜ ለሰው ሰጥቼዋለሁ። አሁን በጥንቃቄ ነው የምሰጠው። ዳንኤል ባትሰን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች ከባድ ችግር የደረሰባትን የአንዲት ወጣት ቃለ ምልልስ እንዲሰሙ አደረገ። አንዱን ቡድን «እሷ ምን እንደሚሰማት አስቡ» አለ። ሌላውን «እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡ» አለ። ሁለቱም አዘኑላት። ራሳቸውን በቦታዋ ያስቀመጡት ግን ከሐዘኑ ጋር የራሳቸው ጭንቀት መጣባቸው። የራሱ ጭንቀት የያዘው ሰው ደግሞ የሚፈልገው መሸሽ ነው። ደቻቱ ላይ ያስወረደሽ ይኸው ነው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት ታናሽ እህቴ እንዲሁ ልጅ ሞቶ ተወለደባት። ከዚራ ነበር የምንኖረው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የዲሬን ቀትር ታውቂዋለሽ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ መጋረጃው እንኳ አይነቃነቅም። የሚመጣው ሁሉ ያለቅሳል። ከዚያ እንባውን ይጠርግና «ወጣት ነሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ይላል። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ከተመለሰች ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም።

በአራተኛው ቀን አንዲት የሰፈራችን ሴት መጣች። አላለቀሰችም። መጀመሪያ ጓዳ ገብታ የተከመረውን ሲኒ አጠበች። ከዚያ መጥታ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ቆየች፤ ምንም አላለችም። በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወተትሽስ እንዴት ሆነ?» አለቻት።

እህቴ ዞረች።

ወተቱ መጥቶ ነበር። ልጁ የለም፤ ጡቷ ግን አላወቀም። ድንጋይ ሆኖ ይጠዘጥዛታል፤ ቀሚሷን ያርሰዋል። ሌሊት ሌሊት ደረቷን በፎጣ ጠፍራ፣ ብቻዋን ስታለቅስ ነበር የምታነጋው። ማንም አልጠየቃትም። እኔ አንድ ክፍል ውስጥ አብሬያት እየተኛሁ አላወቅሁም። ያን ቀን ለዚያች ሴት ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ወተቱ፤ ስለ ልጁ ፀጉር፤ ልታወጣለት ስላሰበችው ስም። እኔ በሩ ጋ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። መግባትም መመለስም አቃተኝ።

ያቺ ሴት አምስት ወልዳ አምስቱንም ያሳደገች ናት። በሷ ላይ አልደረሰም። እኔ አንጀቴ እርር ብሎ ነበር፤ እርር ማለቴ ግን ስለ ወተቱ አንዲት ነገር አልነገረኝም። ያኔ አልወለድኩም፤ ጓዳዬ ውስጥ ያ እህል የለም። እሷ የቻለችው የእህቴን ሰውነት ስላሰበች ነው። ቀጥሎም ስለጠየቀች።

ይህን ዓይነቱን ነገር ስናስብ የሚሠራ ሌላ የአንጎል ክፍል አለ። ከጆሮ በላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ርብቃ ሳክስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ብዙ ጽፋበታለች፤ ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያምን ስናሰላስል የሚሠራ ቦታ ነው። እዚያው አካባቢ «ይህ የኔ ነው፣ ይህ የሷ ነው» ብሎ የሚለይም አለ። ጆርጂያ ሲላኒና ዚንገር እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ያሳዩበት መንገድ ደስ ይላል። ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዷ የትል ሥዕል እያየች እጇን የሚያሙለጨልጭ ነገር ይነካታል። ሌላዋ የቡችላ ሥዕል እያየች ለስላሳ ጨርቅ ይነካታል። ከዚያ «ጓደኛሽ ምን የተሰማት ይመስልሻል?» ተብለው ይጠየቃሉ። ለስላሳው የደረሳት የጓደኛዋን መጥፎ ስሜት አቅልላ ትገምታለች፤ የራሷ ደስታ ይጋርዳታል። አንጎል ይህን በመጠኑ ያርመዋል። ያን የሚያርመውን ቦታ ከውጭ በማግኔት ሲረብሹት ግን ስህተቱ በዛ። ሰዎቹ ተቸኩለው ሲመልሱም እንዲሁ።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት አለመቸኮልን ነው። ያቺ ሴት ሲኒ እያጠበች፣ ፍራሽ ጫፍ ላይ ዝም ብላ የቆየችበት ጊዜ ከንቱ አልነበረም። እኛ እንደገባን ነው የምናለቅሰው፤ እንዳለቀስን ነው የምንመክረው።

«ታዲያ አንጀቴን ምን ላድርገው?» ትዪኝ ይሆናል። አታጥፊው፤ አይጠፋምም። ዚንገርና ኦልጋ ክሊሜኪ ሌላ ጥናት ሠርተዋል። ሰዎችን የተቸገሩ ሰዎች ቪዲዮ ያሳያሉ። መጀመሪያ የሌላውን ሕመም አብረው እንዲታመሙ አሠለጠኗቸው። ሰዎቹ ባሰባቸው፤ ከፋቸው፤ ኢንሱላቸውም ይበልጥ ሠራ። ቀጥሎ እነዚያኑ ሰዎች ለተቸገረው መልካም መመኘትን፣ እንደ እናት ወደሱ ማዘንበልን አሠለጠኗቸው። ቪዲዮው የቀለለ አልነበረም። ግን ሰዎቹ ሙቀትና ፍቅር ተሰማቸው፤ ከፍቅርና ከደስታ ጋር የሚያያዙ ሌሎች የአንጎል ቦታዎች ሠሩ። እኛ ርኅራኄ የምንለው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል። መጽሐፍ አያስፈልግሽም፤ አይተሽዋል። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ ዲሬ ሁሉ አልቅሷል። ብርድ ልብስና እንጀራ ተሸክሞ ሲሯሯጥ የነበረው ሰው ግን ፊቱ ሌላ ነበር። ያዘነው ያው ነው፤ የሚሠራው ነገር ነበረው።

ስለዚህ ሐሙስ ስትሄጂ የምትሠሪው ነገር ይኑርሽ። ቡና ይዘሽ ሂጂ፤ አንቺው ቁዪው፤ አንቺው አፍዪው። ሲኒ እጠቢ። ከሷ ጎን ተቀመጪ እንጂ ፊት ለፊቷ አትቀመጪ፤ ዓይን ለዓይን ሲሆን ቶሎ ነው የሚያስለቅሰው። ሆድሽ ሲላወስ «ይህ የኔ ነው» በይው በልብሽ፤ እግርሽን መሬት ላይ አስደግፊ፤ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ከዚያ እሷን እያት። እጇ ምን ይሠራል? በልታለች? ተኝታለች? ትኩረትሽ ከሆድሽ ወደሷ ይሂድ።

እጇንም ያዢ። ይህን ለማጽናኛ ብዬ አይደለም የምልሽ። ጄምስ ኮን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት 16 ባለትዳር ሴቶች ማሽን ውስጥ ተኝተው፣ አሁን ይነዝረናል ብለው እየጠበቁ ነበር። ብቻቸውን ሲሆኑ አንጎላቸው ውስጥ ያለው የፍርሃት ሥራ ከፍተኛ ነበር። የባላቸውን እጅ ሲይዙ በጣም ቀነሰ። የማያውቁትን ሰው እጅ ሲይዙ እንኳ በመጠኑ ቀነሰ። የባዳ እጅ ይህን ካደረገ አብሮ አደግ እጅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቢው።

እንባ ቢመጣስ? ይምጣ። አብሮ ማልቀስ ነውር አይደለም፤ እኛም ለቅሶ የምንሄደው አብረን ልናለቅስ ነው። የማልፈልገው እሷ ዳግም ውሃ አምጪ እንድትሆን ነው። ከአቅምሽ በላይ ከሆነ «ሲኒውን ላጥብ» ብለሽ ጓዳ ግቢ፤ ፊትሽን ታጠቢና ተመለሺ። ያንቺን ሐዘን ደግሞ ለሷ አታውርሺያት። ማታ ለባልሽ አልቅሺለት።

«ሌላ ይሰጥሻል» እንዳትያት፤ እባክሽ። እሷ የፈለገችው ያንን ልጅ ነበር። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ወይም «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይበቃል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቂያት። ስም አስባለት እንደነበር፣ አይታው እንደሆነ፣ ሌሊት እንዴት እንደሆነላት። እኛ ጋ ሞቶ የተወለደ ልጅ ለቅሶው አጭር ነው፤ «አታልቅሺ» እየተባለ ቶሎ ይዘጋል። ሰው ስለልጁ ማንሳት ያስከፋታል ብሎ ይፈራል። መመለስ ካልፈለገች ትነግርሻለች፤ ያኔ ዝም ብለሽ ቡናውን ቅጂ። ልጅሽን ደግሞ ለዚህ ሐሙስ ቤት ተያት። ሌላ ቀን «ላምጣት ወይስ ይቆይ?» ብለሽ ጠይቂያት፤ እሷ ትወስን።

ስለጠፋሽበት ሁለት ወር ረጅም ወሬ አያስፈልግም። ስለ ትንፋሽሽና ስለ አንጀትሽ ብታስረጃት መልሳ ልታባብልሽ ነው። አሁኑኑ ስልክሽን አንሺና «ፈርቼ ነው የጠፋሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። ሐሙስ ልምጣ?» ብለሽ ጻፊላት። ልትቆጣሽ ትችላለች። ቁጣዋን ተቀበዪ፤ ሁለት ወር ሲጠራቀም የከረመ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስላንቺ። የማታው መነሳት አሳስቦኛል። የጓደኛ ሐዘን ለጥቂት ቀን እንቅልፍ ቢነሳ የሚጠበቅ ነው። ሁለት ወር ሆኖ ከቀጠለ፣ ቀን ሥራ ላይም ካስቸገረሽ፣ ወይም ልጄ ትሞትብኛለች የሚለው ሐሳብ አልወጣ ካለሽ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ሄደሽ ተነጋገሪ። «በሽተኛ ነኝ?» ብለሽ ስለጠየቅሽ ነው ይህን የምልሽ። በሽተኛ ነሽ እያልኩሽ አይደለም፤ ብቻሽን የምትሸከሚው ግን አይመስለኝም።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ትንሽ በረድ ሲል ውጪ። ለባጃጁ ልጅ ገና ስትሳፈሪ የቤቷን በር ንገሪው፤ ሒሳቡንም እስከ በሯ ድረስ ቀድመሽ ክፈይው። ቡናውን ጭንሽ ላይ ያዢው። ደቻቱን ስትሻገሩ ሆድሽ መላወስ ይጀምራል፤ ይጀምር። እሷ ጋ ስትደርሺ ወተቷ እንዴት እንደሆነ አታውቂም። ጠይቂያት።